ፎጣውን የማያነሳው ሰውዬ

ዮርዳኖስ ደርሼ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ተጠመቅሽ?» ነው። አልተጠመቅሁም። ወንዙንም አላየሁትም። እዚያ በሰነበትኩበት ጊዜ ያየሁት ደረጃ ነው። አማን የምትባለው ከተማ ኮረብታ በኮረብታ ላይ ተደርቦ የተሠራች ናት፤ እንጦጦን በደረጃ ሸንሽነው፣ በየደረጃው ነጭ ድንጋይ ቤት ቢሠሩበት አማን ይወጣዋል። ከጠያቂዎቼ አብዛኞቹ ወደዚያ የሚሄዱበት ጉዳይ ስለማይኖራቸው፣ የየቀኑን እንደሆነው ልጻፍላቸው። ወንዙን የሚፈልግ አንባቢ ግን ከወዲሁ ይሰናበተኝ።

የሄድኩት በፊልም ምክንያት ነው። ታናሽ እህቴ ሰናይት አማን ውስጥ የሰው ቤት በሰዓት እያጸዳች መኖር ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ኮሮና ሁለተኛ ዓመቱን በያዘበት በዚያ ሁዳዴ፣ የክርስቶስን ሕይወት የሚያሳይ አንድ የፈረንጅ ፊልም አይታ ጸሎት ተወች የሚል ወሬ እናታችን ጆሮ ደረሰ። ፊልሙ ጌታን ሠርግ ቤት ሲስቅና ሲጨፍር ያሳያል ተብሎ በየቦታው የተረገመ ነው። ወሬውን ያደረሱት የማኅበር እህቶቿ ናቸው። እዚያ ያሉ ሴቶቻችን የመድኃኔዓለም ማኅበር አላቸው፤ ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ጽዋው ያለባት ሴት ትደግሳለች፣ በመጨረሻም በራሷ አፍ መርቃ በራሷ እጅ ለቀጣይዋ ተረኛ ታስረክባለች። ካልመረቀች ጽዋው ከቤቷ አይወጣም። የሰናይት ተራ ሲደርስ ኮሮና መጣ፣ ሁሉም ተዘጋ፣ ጽዋው ዓመት ሙሉ መደርደሪያዋ ላይ ቆመ። መሰብሰብ ሲቻል ደግሞ እህቴ «አልደግስም፣ አልመርቅም፣ በውሸት አላስረክብም» አለች። የዓመቱ ትልቅ በዓል የመጋቢት መድኃኔዓለም ደጅ ላይ ቆሟል።

እናቴ አልቅሳ ስታበቃ «ሂጂና ወደ እምነቷ መልሻት» አለችኝ፤ ዳቦ ገዝተሽ ነይ በምትልበት ድምፅ። እኔ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የጠፋ እስክሪብቶ አስመልሼ አውቃለሁ፣ የጠፋ እምነት ግን ደርሶኝ አያውቅም። የንስሐ አባታችንም ፊልሙን በዓይኔ እንዳላየው አጥብቀው አዘዙኝ። እሳቸውም አላዩትም። ያላዩትን ፊልም ክፋት ግማሽ ሰዓት አስረዱኝ፤ አይተውት ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ ያመልጠኝ ነበር።

ሐሙስ

ቦሌ ላይ ፈታሹ ወጣት ከእጅ ቦርሳዬ ትልቁን የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣ።

«ምንድነው እናቴ?»

«ጠበል ነው።»

«ይህን ያህል ፈሳሽ ይዞ መግባት ክልክል ነው።» አዘነ፣ በእውነት አዘነ። ማስኩን ዝቅ አደረገና በመዳፉ ቀድቶ ፊቱን አበሰ፣ አማተበ፣ ቀሪውን ቅርጫት ውስጥ ጣለው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለመንግሥትም ለእግዚአብሔርም የታዘዘ ሰው ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ደግነቱ እናቴ ከሻንጣው ውስጥ፣ በበርበሬውና በሽሮው መካከል፣ ሁለተኛ ትንሽ ጠርሙስ ወሽቃለች። እሷ ማንንም አታምንም፣ ፈታሽንም ጭምር።

አማን ስንደርስ አፍንጫዬን እንደገና መረመሩት። በዚያ ሳምንት አፍንጫዬ የሁለት መንግሥታት ንብረት ሆኖ ነበር። ከመውጫው ላይ ሰናይት ቆማ ስታለቅስ አየኋትና ሮጬ አቀፍኳት፤ ማስክ በማስክ ተሳሳምን። «የኔ ሆድ፣ ከሳሽብኝ» አልኳት። የሌላ ሰው እህት ነበረች። የእኔዋ ከኋላዬ ሆና «እትዬ፣ እዚህ ነኝ» አለችኝ፤ ያቺኛዋም ለመላቀቅ አልቸኮለችም፣ እሷም የሚያቅፋት ሳታገኝ ከርማ ይሆናል።

ሰናይት የምትኖረው ጀበል አል-ወይብደህ ነው፤ ያረጀ ሰፈር፣ በየደጁ ጃስሚን፣ በየጃስሚኑ ሥር ድመት። ቤቱ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ሻንጣዬን ተሸክማ ያወጣችልኝ አብራት የምትኖረው ዘይነባ ናት። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፣ እሷም በሰዓት ታጸዳለች፣ ሰላቷንም ጾሟንም አታስታጉልም። ከሥራ መጥታ ፉል ቀቅላ፣ ፈላፍል የሚሉትን የሽምብራ ጥብስ ገዝታ፣ ዘይትና ዘዕተር በሰሐን አቅርባ ጠበቀችኝ።

«የጾም ነው እትዬ፣ አይዞሽ ብይ። ቅቤ የነካው የለም» አለችኝ።

ለጾመኛ እንደዚህ የተመቸ አገር አላየሁም። እኛ አገር ሁዳዴን በምስርና በሽሮ ስንታገል፣ እነዚህ ሰዎች የጾም ምግብን ሳይጾሙ በየማለዳው ይበሉታል። ዘዕተሩ ከጦስኝ የቀረበ ነው፣ በዘይት ነክሮ በትኩስ ዳቦ መጉረስ ነው። ሦስት ዳቦ ጨረስኩ፤ በጉዞ ነው ብዬ ለራሴ ይቅርታ አደረግሁ።

ስለ ፊልሙ ያን ምሽት ማንም አላነሳም። ለመተኛት ስንዘጋጅ ግን ሰናይት መብራቱን አጥፍታ ጋደም አለች። ከልጅነታችን ጀምሮ ሳታማትብ ተኝታ አታውቅም።

ዓርብ

ዓርብ ሙሉ ቀን ሐዝር ነው፤ ከቤት የወጣ ይቀጣል። መንግሥት ኮሮናን ዓርብ ዓርብ ብቻ የምትሠራ አድርጎ የያዛት ይመስላል። መስኮቱን ብንከፍት ከተማው ጸጥ ብሏል፣ ከማዶ ያሉት ኮረብታዎች ሳይቀሩ የታሰሩ ይመስላሉ።

የንስሐ አባቴ ያስጠኑኝን ጀመርኩ። «ሰናይት፣ ፊልም ማለት እኮ ሰው የፈጠረው ተረት ነው…»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ተዋናዩም ተራ ሰው ነው…»

«እሱን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ደስ አይልም። «ያን ሰውዬ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ኮሮናን ያሳለፍኩት ከኢየሱስ ጋር ነው።»

ነገሩ ይህ ነው። ሽሜሳኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሰናይት የምታጸዳላት ማዳም ዕቃ የተሟላላቸው አፓርታማዎች ታከራያለች። ፊልሙን በረሃ ላይ ሲቀርጹ የከረሙት ፈረንጆች ሥራውን ጨርሰው እዚያ አረፉ። በማግስቱ ኤርፖርቱ ተዘጋ። ከተማውም ተዘጋ። ማዳሟ ሰናይትን ከምድር ቤት አንዲት ክፍል ሰጥታ አስቀረቻት፤ ፈረንጆቹ ሲያቆሽሹ የሚያጸዳ ያስፈልጋላ። ከተከራዮቹ አንዱ ክርስቶስን ሆኖ የሠራው ተዋናይ ነበር፣ ጸጉሩን ገና አልተቆረጠም።

«የገላ መታጠቢያውን ቱቦ የሚደፍነው የእሱ ጸጉር ነው። በየቀኑ በእጄ አወጣው ነበር። እርጥብ ፎጣውን ከገባ እስከሚወጣ አንድ ቀን ከወለል አንስቶ አያውቅም፤ እላዩ ላይ ረግጦት ነው የሚሄደው። ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አያየኝም፣ በቃ። ስሜን አልጠየቀኝም። አንድ ቀን የተሰበረ ብርጭቆ ረግጦ ጠራኝ። ተንበርክኬ እግሩን አጥቤ፣ ስብርባሪውን በወረንጦ ለቅሜ አሰርኩለት። ስልኩን እያናገረ ነበር። ሳይጨርስ ጨረስኩ።»

ዘይነባ ሻይ እየቀዳች «እኔማ ነግሬያታለሁ። ነቢይ አይሳልም፣ አይሠራም። እናንተ ናችሁ የማትሰሙት» አለች።

ፊልሙን ሳላየው ልከራከር እንደማልችል ገባኝ። የንስሐ አባቴን ትእዛዝ ባሕር ማዶ ትቼው እንደመጣሁ ቆጥሬ «ክፈቺው» አልኩ። ሁለታችን አልጋው ላይ ላፕቶፑን ጉልበታችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ዘይነባ የዒሳን ምስል ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታን ጎመን መቀንጠስ ያዘች፤ በየሁለት ደቂቃው ግን «አሁን ምን ሆነ?» ትላለች። ፊልሙን ከሦስታችን በጣም የተከታተለችው እሷ ናት።

እውነቱን ልናገር፣ ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር፣ የምቆጣበት ግን ቶሎ አልመጣልኝም። ግማሹ በረሃ ነው። ሰዎች ይሄዳሉ፣ አሸዋ ይነፍሳል። ያ ሁሉ ሕዝብ ሰልፍ የወጣበት ሳቅ ሲመጣ፣ ቃና ሠርግ ላይ ወይኑ አልቆ የድግሱ አዛዥ ፊቱ ሲጠቁር፣ ጌታ አይቶት ከልቡ ይስቃል። ከዚያ ይጨፍራል፤ የእኛ አጎቶች በደህና ቀን ከሚጨፍሩት የከፋ አይደለም። «ለዚህ ነው?» አልኩ።

ቀጥሎ እግር ማጠቡ መጣ። ሰውዬው ተንበርክኮ የዓሣ አጥማጆቹን እግር ያጥባል፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ፣ ቀና ብሎ ፊታቸውን እያየ። እንባዬ ዱብ አለ። ዞር ስል ሰናይት እኔን እንጂ ስክሪኑን አታይም። አቆመችው።

«አየሽ? እኔም አለቀስኩ» አለች። «እኔ እያወቅሁት አለቀስኩ። ፎጣውን የረገጠው፣ እግሩን ያጠብኩት ሰውዬ እግር ሲያጥብ አይቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ከዚያ ጨርሼ ልጸልይ ስነሳ እንዲህ አልኩ፦ ዕድሜዬን ሙሉ ያለቀስኩት በዚህ ዓይነት ቢሆንስ? ሥዕሉን አይቼ፣ ዜማውን ሰምቼ፣ ሰው ባዘጋጀልኝ ነገር? ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ የሚመጣው እሱ ነው። ሌላ ፊት የለኝም እትዬ። ጠፋብኝ።»

የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ መልሱ ከኋላ ነው፤ የዚህ ግን የለም።

ዘይነባ ጎመኑን ይዛ «እና አለቀ? ሳይሰቀል?» አለች።

ያን ምሽት እኔ ለብቻዬ ተነስቼ አቡነ ዘበሰማያት ልደግም ዓይኔን ጨፈንኩ። መጣ። ረጅም ጸጉሩን ጥሎ፣ ስልክ እያናገረ፣ እርጥብ ፎጣ ረግጦ። ላድናት ሄጄ ተለክፌ ቀረሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሰናይትና ዘይነባ ሥራ ሄዱ። ከመንገድ ላይ መኪና በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ እያሰማ መጣ። የሎተሪ መኪና መሰለኝ፤ ዕድሌን ልሞክር ብዬ ያን ሁሉ ደረጃ በነጠላ ጫማ ወረድኩ። የጋዝ ሲሊንደር የሚሸጥ ነው። ሻጩ ባዶ እጄን አይቶ፣ ሲሊንደሬን ከላይ የሚያወርድልኝ ያጣሁ መስሎት ደረጃውን ሊወጣልኝ ተነሳ። በአማርኛ እምቢ ብለው አልሰማኝም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አስቆምኩት፤ ሳይቆጣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተመለሰ። እኛ ሰፈር ቢሆን ዘሬን ቆጥሮ ይሰድበኝ ነበር።

እንግዳ ሆኖ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንልኝም። ወጥ ቤቱን አጸዳሁ። መደርደሪያው ላይ ክዳን ያለው የመዳብ ዕቃ አገኘሁ፤ እዚህ አገር ስኳር የሚያስቀምጡበት ዓይነት፣ አቧራ የጠጣ። አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ከሻንጣዬ ያወጣሁትን ጠበል፣ የጠርሙሱ ክዳን ሲያፈስ ስላየሁ፣ እዚያው ገለበጥኩት። እስከ አፉ ሞላ። ሰናይት ስትተኛ ቀስ ብዬ እረጫታለሁ ብዬ ነበር፤ እናቴም የመከረችኝ ይህንኑ ነው።

ዘይነባ ቀድማ ገባች። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ስታየው የያዘችውን ዳቦ ወንበር ላይ ለቀቀችው።

«እትዬ፣ ምን ጨመርሽበት?»

«ጠበል።»

«ያ ጽዋው ነው።»

እኛ አገር ጽዋ ሲባል የማውቀው በሙዳይ ተቀምጦ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከሩቅ የሚሳለሙት ነው። የእነሱ የመጀመሪያው የሸክላ ጽዋ ከዓመታት በፊት ደረጃ ላይ ተሰብሮ፣ ይህን ከመሐል ከተማ ገበያ ገዝተው አስባርከውታል። በምን ልወቀው?

«ይደፋ እንግዲህ፣ እንደገና…»

«አይደፋም» አለች ዘይነባ። «ጽዋ ከሞላ ተደግሶ፣ ተጸልዮ፣ ማኅበሩ ይጠጣዋል እንጂ አይደፋም። እኔ እስላሟ ዓመት ሙሉ አብሬው ኖሬ ይህን አውቃለሁ። አንቺ ከክርስቲያን አገር መጥተሽ!»

ሰናይት ስትገባ ሁለታችንም ዕቃውን እንደ ሬሳ ከብበን ተቀምጠን ነበር። ክዳኑን አነሳች፣ አየች፣ ከደነች።

«ሆን ብለሽ ነው» አለችኝ።

«በመድኃኔዓለም፣ አላወቅሁም።»

«በማን?» አለች። ከዚያ ሄዳ አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ያኔ ሆን ብዬ ባደረግሁት ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ ቢያንስ ጎበዝ ነበርኩ።

ለእት አልማዝ የደወለችው ዘይነባ ናት። እት አልማዝ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃቸው ናት። በስልኩ የመጣው ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ፦ «ሞልታዋለች? በቃ፣ መድኃኔዓለም ፈቀደ። ነገ እንመጣለን።» የእኔ ጥፋት የእሱ ፈቃድ ተብሎ ተመዘገበ። ቅር አላለኝም።

እሑድ

በዓሉ የሚውለው ሰኞ ነበር፣ የአማን ማዳሞች ግን ቀን መቁጠሪያችንን አያውቁትም፤ ስለዚህ ማኅበሩ እሑድ ሆነ። ሴቶቹ ደረጃውን እያለከለኩ መጡ። እያንዳንዷ ማስኳን አድርጋ፣ የራሷን ኩባያ በፌስታል ቋጥራ፣ አንድ አንድ ምግብ ይዛ ነበር፤ ደጋሿ እንዳልደገሰች ሁሉም ሰምተዋል፣ አንዷም አላነሳችባት። ከሱቅ በገዙት የገብስ መጠጥ የጠመቁት ጠላ ሳይቀር መጣ። እኛ ሰፈር እንግዳ ባዶ ሞሰብ ቢያገኝ ወሬው እስከ ፋሲካ ይበላ ነበር።

ሰናይት ከጓዳ አልወጣችም። ዘይነባ በር ላይ ተቀምጣ የእንግዶቹን እጅ በአልኮል ታሻለች።

እት አልማዝ ጸሎቱን መራች። ሃምሳ ያለፋት፣ ጉልበቷ የሚያማት፣ ድምፅዋ እንደ ቄስ የሆነ ሴት ናት። ጽዋው ተቀዳ፣ በየኩባያው ጥቂት ጥቂት ተጠጣ፣ ለቀጣይዋ ተረኛ ለትዕግሥት ድርሻዋ እዚያው ጽዋው ውስጥ ተቀመጠ። ትዕግሥት አልመጣችም። ረቢየህ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የምትኖር ሠራተኛ ናት፤ ማዳሟ በሽታውን ፈርታ፣ ከተማው ከተዘጋ ወዲህ ከግቢ አስወጥታት አታውቅም።

«ሰናይት፣ ነይ አስረክቢ» አለች እት አልማዝ። «ትዕግሥት እስክትፈታ እኔ እጠብቅላታለሁ።»

ሰናይት ጓዳው በር ላይ ቆመች። «ውሰዱት። እኔ አልመርቅም። ከማኅበሩም ወጥቻለሁ።»

እት አልማዝ ወደ እሷ ዞረች። «ምን ሆነሻል ልጄ?»

ለእኔ የነገረችኝን ነገረቻቸው፤ ፎጣውን፣ እግሩን፣ እንባውን፣ ፊቱን። ስትጨርስ አንዷ ትሰድባታለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እት አልማዝ ኩባያዋን አስቀመጠች።

«እኔ ዓይኔን ስጨፍን ማን እንደምትመጣ ላውጋሽ? ማዳሜ ናት። መስኮቱን በጣቷ እየነካች፣ እዚህ ጋ ይቀራል ትለኛለች። ይኸው ዓመታት። አንድ ቀን ኪዳን ላይ ቆሜ 'ሐዲር ማዳም' ብዬ ጮህኩ።»

ሐዲር «እሺ፣ ታዛዥ ነኝ» ማለት ነው። ሴቶቹ ሳቁ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። አንዷ የእኔ ደግሞ ሕፃኑ ነው፣ ሌሊት የሚያለቅሰው፣ አለች። ሌላዋ የፖሊሱ ፊት ነው አለች። ሰናይት ግን አልሳቀችም።

«እናንተ አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። እኔ አልቻልኩም» አለች። ጽዋውን አንስታ ጨርቅ ጠቀለለችበት። «ነገ ራሴ ለትዕግሥት ወስጄ እሰጣታለሁ። ከእጄ ይውጣ፣ ኻላስ።»

«ካልመረቅሻት አትቀበልሽም» አለች እት አልማዝ።

«ትቀበላለች። ምን አማራጭ አላት?»

ይህን ያለችበት ድምፅ የእህቴ አልነበረም። እኔ ያን ጊዜ ፈራሁ። ጽዋው ሳይመረቅ ከወጣ፣ ሰናይት ከማኅበሩ፣ ማኅበሩም ከሰናይት ወጣ ማለት ነው፤ በዚያ ከተማ ደግሞ ሌላ ዘመድ የላትም። ስትታመም ሾርባ የሚያመጡላት፣ ብትሞት አስከሬኗን አገሯ የሚልኩት እነሱ ናቸው።

ሰኞ

ታክሲ ያዝን። ሰናይት ጽዋውን ጭኗ ላይ አቅፋለች። ሾፌሩ ሽማግሌ በመስታወቱ አይቶን ጠየቃት፣ መለሰችለት። ከዚያ በየጉብታው ሊቆም ጥቂት እስኪቀረው ቀስ እያለ ነዳ፤ ከኋላ የሚነፉትን ጥሩምባዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ።

«ምን ብለሽው ነው?»

«ምንም። ለታመመ ሰው ሾርባ የምንወስድ መስሎታል። እንዳይፈስ ነው።» ወደ መስኮቱ ዞረች።

ረቢየህ ውስጥ ቪላዎቹ የእኛ ቦሌ ሊሆን የሚመኘው ዓይነት ናቸው፤ አጥራቸው ከቤታችን ይበልጣል። ትዕግሥት ቆሻሻ ልታወጣ የምትችልበትን ሰዓት ሰናይት በመልእክት ጠይቃታለች። የብረት በሩ አጠገብ ቆመን ጠበቅን። ትዕግሥት ሁለት ጥቁር ፌስታል እየጎተተች መጣች፤ ቀጭን፣ ወጣት፣ ማስኳ ፊቷን ውጦት። ከላይ በረንዳ ላይ ማዳሟ እጇን አጣምራ ቆማለች። በሩ አልተከፈተም። በብረቱ መካከል ነው የተያየነው።

ትዕግሥት ጽዋውን አላየችውም። ሰናይትን ነው ያየችው፣ እየቆየች።

«እት ሰናይት፣ ፊልሙን አይተሽዋል አሉ።»

እህቴ ደረቀች። «አይቼዋለሁ።»

«ይስቃል የሚሉት እውነት ነው?»

አለቀልን አልኩ በሆዴ። ይህቺኛዋንም ይዘናት ልንገባ ነው።

«ይስቃል» አለች ሰናይት።

«እንዴት አድርጎ?»

«ሠርግ ቤት ነው። ወይኑ ያልቅና የድግሱ አዛዥ ደንግጦ ፊቱ ይጠቁራል። እሱ ያየዋል፣ ከዚያ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። በሰውዬው አይደለም የሚስቀው። አይዞህ እንደማለት ነው።»

ትዕግሥት ብረቱን ያዘች። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፣ ከማስኩ በላይ ያለው ፊቷ ግን ፈካ።

«ከቤት ይዤው የመጣሁት ሥዕል ላይ ስቆ አያውቅም» አለች። «እዚህ ለብቻዬ ስጸልይ የተቆጣኝ ይመስለኝ ነበር። ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ስጠይቀው ከረምኩ። ማዳም አትስቅልኝ፣ እሱ አይስቅልኝ። ይስቃል ሲሉ ሰምቼ፣ እውነት ከሆነ ብዬ አንቺን ስጠብቅ ነበር።» ከዚያ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች፣ ሁለት እጇን በብረቱ መካከል ዘረጋች። «በይ መርቂኝ።»

ከላይ ማዳሟ «ያላ!» ብላ አጣደፈቻት።

ሰናይት ጽዋውን ከጨርቁ ፈታች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ወዲያው ገለጠችው፤ ማን እንደመጣባት እኔ አውቃለሁ። ሁለተኛ ልትጨፍን ስትል ተወችው። ትዕግሥትን አየቻት፤ የከሳ ጉንጯን፣ ማስኩ የሠራበትን ጭረት፣ የሚጠብቀውን ዓይኗን። እያየቻት ጀመረች። «መድኃኔዓለም ከቤትሽ አይጥፋ። ደጁን ይክፈትልሽ። ለአገርሽ ያብቃሽ። ሳቁን ያሰማሽ።» የመጨረሻዋ በምርቃቱ ውስጥ የለችም፤ እሷ ጨመረቻት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከትዕግሥት ፊት አላነሳችም።

ትዕግሥት «አሜን» አለች። ጽዋው በብረቱ መካከል በጭንቅ አለፈ፣ ድርሻዋን እዚያው ቆማ ጠጣች፣ ባዶውን በቀሚሷ ሸፍና ሮጠች። በረንዳው ላይ ያለችው ሴት የተሰጣት ስኳር ዕቃ መስሏት ይሆናል።

ስንመለስ ሰናይት ባዶውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ከዚያ «ማመን አልጀመርኩም» አለችኝ፣ እንደሚያስጠነቅቅ ሰው። «እንዳትዋሺ ለእማዬ።»

«እሺ» አልኳት። እጄን ያዘችኝ፣ እስከ ወይብደህ አልለቀቀችኝም።

ማክሰኞ

ዘይነባ ለመንገድ ዘዕተር በሁለት ጠርሙስ አሽጋ ሰጠችኝ፤ ፈሳሽ ስላልሆነ የሚከለክለው የለም አለች። ኤርፖርት ላይ ይህቺኛዋን ዓይኗን በደንብ አይቼ፣ የእኔዋ መሆኗን አረጋግጬ አቀፍኳት።

እናቴ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ «መለስሻት?» አለችኝ።

«ጽዋውን መርቃ አስረከበች።»

እልል አለች። ጎረቤት ወጣ። «ፊልሙንስ አላየሽም አይደል?»

«ዝም ብሎ አሸዋ ነው» አልኩ፤ ከእውነቱ ያን ያህሉን መናገር ይበቃል።

ማታ ማታ ስጸልይ ሰውዬው አሁንም ይመጣል፣ ፎጣውን ጥሎ። አልታገለውም። ዓይኔን እገልጣለሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ቆማ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ የሰናይትን ስም ትጠራለች። እሷን እያየሁ እጨርሳለሁ።